ለሥራ የተሠራች ልጅ
በወላይታ ሶዶ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካርቱን ነው። የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ጉባኤ ካርቱንን የቁም ነገር ርእስ ማድረጌ ምክንያት አለው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በተዘረጋችው በዚህች ከተማ ጣሪያዎቻችን ላይ ዲሽ ተተክሏል፤ ዲሽ የሌለበት ቤትም ቢሆን ስልክ አያጣም። ልጆቻችን ከአያቶቻቸው አፍ ከሚሰሙት ተረት ይልቅ በስክሪን ላይ የሚያዩት እየበዛ ነው። ከዚያም ያደጉበት ተረት በልባቸው ውስጥ ሥራውን ይሠራል።

ተረት ልጅን የሚቀርጸው በመጨረሻ ላይ በሚጨመርለት ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥጋታችን በቀለለ ነበር። ማን ይወስናል? ማን ይታዘዛል? እምቢ ያለ ሰው ምን ይገጥመዋል? የነዚህን ጥያቄዎች መልስ ልጁ የሚማረው ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ሲስቅና ሲፈራ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን የሚያዩትን ታሪክ አብረን ማንበብ መቻል አለብን። ለማሳያ የመረጥሁት የአንዲት ሮቦት ልጃገረድ ታሪክ ነው፤ የምጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለሥራ የተሠራች ልጅ የራሷን ኑሮ የመምረጥ መብት አላት?

«ማይ ላይፍ አዝ ኤ ቲንኤጅ ሮቦት» የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ካርቱን የሮብ ሬንዜቲ ፈጠራ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 አጭር ፊልም ሆኖ ታየ፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2003 በኒኬሎዲየን ጣቢያ ተከታታይ ሆኖ ጀመረና እ.ኤ.አ. በ2009 አበቃ። ባለ ታሪኳ ጄኒ ዌክማን ትባላለች። የሞዴል መለያዋ ኤክስጄ ዘጠኝ ነው። የሠሯት ኖራ ዌክማን የተባሉ አረጋዊት ሳይንቲስት ናቸው፤ የሠሯትም ምድርን ከአደጋ እንድትጠብቅ ነው። ጄኒ ትበራለች፤ ከክንዷ መሣሪያ ይወጣል፤ ከጠፈር የሚመጣ ጠላት ትመክታለች። የምትመኘው ግን ሌላ ነው። እንደ እኩዮቿ ትምህርት ቤት መግባት፣ ጓደኛ ማፍራት፣ ማታ ከጎረቤት ልጆች ጋር መጫወት ትፈልጋለች። ጎረቤቶቿ ብራድና ታናሽ ወንድሙ ተክ የመጀመሪያ ጓደኞቿ ይሆናሉ። ታሪኩ በሙሉ የሚሽከረከረው በታዘዘችለትና በወደደችው መካከል ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት «የአተራረክ ልማድ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልግለጽ። ከታሪክ ወደ ታሪክ የሚተላለፉ፣ ተመልካች ገና ሲጀመሩ የሚያውቃቸው አካሄዶች አሉ። ክፉ የእንጀራ እናት፣ ብልጥ ጦጣ፣ ማንነቱን የደበቀ ጀግና ከነዚህ መካከል ናቸው። አንዳንድ ሰው እነዚህን ልማዶች የስንፍና ምልክት ያደርጋቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሸማኔ ሁሉ ድር ይዘረጋል፤ አንዱን ዱንጉዛ፣ የወላይታን ባህላዊ ልብስ፣ ከሌላው የሚለየው በድሩ ላይ የሚያስገባው ቀለም ነው። የደራሲም ችሎታ የሚለካው የታወቀውን አካሄድ ይዞ ወዴት እንደሚወስደው ነው። በጄኒ ታሪክ ውስጥ አራት እንዲህ ያሉ ልማዶችን እንመልከት።

አንደኛው፣ በሰው እጅ የተሠራ ፍጡር የሠራውን ሰው የሚጠይቅበት ልማድ ነው። ይህ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» በተባለው ልብ ወለዷ የሠራውን ፍጡር ጥሎ ስለሸሸ ሰው ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1883 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ እውነተኛ ልጅ መሆን የሚመኘውን የእንጨት አሻንጉሊት፣ ፒኖኪዮን፣ በመጽሐፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1920 የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ ለጉልበት ሥራ ተሠርተው በመጨረሻ በጌቶቻቸው ላይ የሚያምፁ ሮቦቶችን መድረክ ላይ የሚያወጣ ተውኔት ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ አስትሮ ቦይን ፈጠረ፤ ልጁ የሞተበት ሳይንቲስት በልጁ ምትክ የሠራው ሮቦት ነው፤ እንደ ሰው ልጅ አለማደጉን ሲያይ ግን ይጥለዋል።

ጄኒ የነዚህ ሁሉ ታናሽ እህት ናት፤ ሆኖም ከታላላቆቿ ትለያለች። እንደ ፒኖኪዮ ሥጋ ለባሽ ካልሆንሁ አትልም። እንደ ቻፔክ ሮቦቶች የሠሯትን ለማጥፋት አትነሣም። ሥራዋን አልጠላችም፤ ምድርንም ትጠብቃለች። የምትለው «ከሥራዬ ሌላ እኔም አለሁ» ነው።

ይህ የጄኒ አባባል ለወላይታ ባዕድ አይደለም። ከገጠር ቀበሌዎቻችን ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደው ሊስትሮ የሚሠሩ ወንዶች ልጆች እንዳሉን ሁላችንም እናውቃለን። በሰው ቤት ተቀጥረው ጎሕ ሳይቀድ የሚነሡ ልጃገረዶች እንዳሉንም እናውቃለን። መሬት ጠቧል፤ ሕዝብ በዝቷል፤ የድህነት ጉልበት ከባድ ነው። ወላጅን ለመውቀስ አልተነሣሁም። ነገር ግን ልጅቷን ቀጣሪዋ የሚያውቃት በምትጥደው ወጥና በምታጥበው ልብስ ብቻ ከሆነ፣ ማታ መማር ስትጠይቅም ድፍረት ከተባለባት፣ እርሷም በሥራዋ ብቻ የምትታወቅ ልጅ ሆናለች። ጄኒን በቴሌቪዥን አይቶ ያዘነላት ልጅ፣ በቤቱ ውስጥ ዕቃ ለምታጥበው እኩያው እንዲያዝን ማስተማር የእኛ ፋንታ ነው።

ሁለተኛው ልማድ የድርብ ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የሚታወቀው ሱፐርማን መነጽር አድርጎ ጋዜጠኛ ይመስላል፤ ኃይሉን ይደብቃል። የጄኒ ታሪክ ይህን ልማድ ገለበጠው። እርሷ ልትደበቅ አትችልም። ሰውነቷ ብረት ነው፤ ገና በበሩ ስትገባ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ምን እንደሆነች ያውቃል። ክረስት የሚባሉት ሁለት የአክስት ልጆች፣ ብሪትና ቲፍ፣ በአለባበሷና በሁኔታዋ ይሳለቁባታል። በአንድ ክፍል ሰው ለመምሰል ሰው ሠራሽ ቆዳ ትለብሳለች፤ የለበሰችው ቆዳ ግን ራሱ ሸክም ይሆንባታል። ጀግናው ኃይሉን መደበቁን የሚያደንቅ ተረት ብዙ አለ፤ ይህ ታሪክ የመደበቅን ዋጋ ያሳያል።

ሌላ ክፍል ደግሞ እዚህ ለተሰበሰብን በተለይ የሚናገር ይመስለኛል። የጄኒ የቋንቋ ዲስክ ይበላሽና ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር ያቅታታል። ሐሳቧ ያው ነው፤ ብርታቷ ያው ነው፤ ነገር ግን በዙሪያዋ ካሉት ጋር መግባባት አቃታት። ከቦሎሶ ሶሬ፣ ከኪንዶ ኮይሻ ወይም ከዳሞት ወይዴ ገጠር ወጥታ በማታውቀው ቋንቋ ጥያቄ የቀረበላትን ልጅ አስቡ። ዝም ስትል «አታውቅም» ተባለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ ወዲህ ወላይትኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የመማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ልጁ በክፍል ውስጥ በወላይትኛ ቆጥሮና አንብቦ ቤት ሲገባ ጀግናው ሁሉ በባዕድ ቋንቋ ሲናገር ካገኘው፣ የራሱ ቋንቋ ለደብተር እንጂ ለጀግንነት እንዳልሆነ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ልማድ የሠሪና የተሠራው ፍጡር ጠብ ነው። በቀደሙት ታሪኮች ሠሪው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፤ ይኮራል፣ ይሸሻል፣ ወይም ይቀጣል። እዚህ ግን ሠሪዋ እናት ናቸው፤ ጄኒም «እማዬ» ትላቸዋለች። ከጄኒ በፊት የተሠሩ ስምንት እኅቶችም አሏት፤ ከኤክስጄ አንድ እስከ ኤክስጄ ስምንት። እናትየዋ ጥብቅ ናቸው። አደጋ ሲመጣ ይጠሯታል፤ ስታመሽ ይቆጧታል፤ ያለ ፈቃዳቸው ጨዋታ ስትሄድ ይከለክሏታል። ታዲያ ታሪኩ እኒህን ሴት ክፉ አያደርጋቸውም። የሚፈሩት አደጋ እውነተኛ ነው፤ ልጃቸውንም ይወዳሉ። ልጅቷም ያመፀችው ክፉ ሆና አይደለም። ሁለቱም እውነት ይዘው ይጋጫሉ።

በእኛ ተረቶች የታላቅ ቃል ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ቃል ነው። መታዘዝ መልካም ነው፤ ወላጅን ማክበርም የሕዝባችን ክብር ነው። ነገር ግን ልጅ ተናግሮ ወላጅ ሐሳቡን የሚለውጥበት ተረት ስንት አለን? ወላጅ ልጁን አዳምጦ «ይሁን» ሲል ክብሩ እንደማይቀንስ የሚያሳይ ታሪክ ለልጆቻችን ብቻ ሳይሆን ለእኛም ያስፈልገናል።

አራተኛው የጠላት ግብዣ ነው። የጄኒ ዋና ጠላት ቬክሰስ የተባለች የሮቦቶች ንግሥት ናት። ቬክሰስ ከጉልበት ይልቅ ብዙ ጊዜ በቃል ትመጣለች፦ አንቺ የእኛ ወገን ነሽ፤ ሰዎቹ መቼም አይቀበሉሽም፤ ወደ ዘርሽ ነይ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታየው ረዘም ያለ ልዩ ክፍል ጄኒ በሮቦቶቹ ዓለም፣ በክላስተር ፕራይም፣ ትገኛለች። ፊቷን አይቶ የሚገረም የለም፤ ሁሉም እንደ እርሷ ብረት ለባሽ ነው። ፈተናው እውነተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ንግሥቲቱ ሕዝቧን የምትገዛው በማታለል መሆኑን ስታውቅ ግን ጄኒ የመረጠችውን ትመርጣለች፤ ወዳጆቿ ወዳሉበት ትመለሳለች።

ይህ የተከታታዩ ምርጥ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሚመስልህ ጋር መኖር ደስታ ነው፤ ታሪኩም ይህን አልካደም። ነገር ግን መመሳሰል ብቻውን ፍቅር እንደማይሆን አሳየ። የወላይታ አባቶች ይህን ያውቁታል። ማላና ዶጋላ በሚባሉት ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሥር የሚቆጠሩት ጎሳዎቻችን በርካታ ናቸው፤ ሰው በራሱ ጎሳ ውስጥ አያገባም። ቤተ ሰብ የሚመሠረተው የግድ ከሌላው ጋር በመተሳሰር ነው። ዘር ቆጥሮ «ወደ እኛ ብቻ» ለሚል ጥሪ ከዚህ ሥርዓት የበለጠ መልስ ከየት ይመጣል?

መልካሙን ካነሣሁ ጉድለቱንም ልናገር። ሼልደን የሚባል ልጅ ጄኒን ይወዳል። እምቢ ስትለው አይተውም፤ ይከተላታል፤ ሌላ መልክ ለብሶ፣ በጀግና ልብስ ተሸፍኖ፣ ፍቅሯን ለማግኘት ይሞክራል። ካርቱኑ ይህን እንደ ሣቅና እንደ ታማኝነት ያቀርበዋል። እምቢ ያለችውን እስክትሰለች የሚያሳድድ ወንድ በመጨረሻ ይወደዳል የሚለው ልማድ በፊልም ዓለም የተስፋፋ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የምቃወመው እርሱን ነው። በአገራችን፣ በተለይም በደቡቡ ክፍል፣ የጠለፋ ጋብቻ ስንት ልጃገረድ ከትምህርት ቤት እንዳስቀረ እናውቃለን። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ሕግ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተሸለመው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልምም ይህንኑ ነገር ለዓለም አሳይቷል። እንዲህ ባለ አገር የሴት ልጅ እምቢታ መጀመሪያ የተባለ ጊዜ መከበር አለበት። ልጆቻችን ሼልደንን አይተው ሲስቁ፣ አጠገባቸው ተቀምጠን «እምቢ ብላው የለም እንዴ?» ማለት ይገባናል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ወደ ኢትዮጵያ የሴት መልክ ያላት ሮቦት በእውን መጥታለች። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ የተሠራች ናት፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ ደግሞ በሶፍትዌሯ ሥራ ተሳትፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት ሰጠቻት። እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኘች፤ የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣም በጉዞ ላይ ጠፍቶ መወያያ ሆኖ ነበር።

ጋዜጦች ስለ ሶፊያ ሲጽፉ የጄኒን ታሪክ አለበሷት፤ እንደምትስቅ፣ እንደምትመኝ፣ ቤተ ሰብ እንደምትፈልግ ተናገሩላት። ሶፊያ ግን የምትመኘው ነገር የለም፤ የተጻፈላትን ትናገራለች። የሚመኙትስ በአዲስ አበባ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የደከሙት ወጣቶች ናቸው። መተረክ የነበረበት የእነርሱ ታሪክ ነበር። የአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት እጅ በዓለም ከታወቀች ሮቦት ሥራ ውስጥ መግባቱን የሰማ የሶዶ ተማሪ «እኔስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከማሽኑ ፈገግታ ይልቅ ይህ ጥያቄ ይጠቅመናል።

ለልጆች ታሪክ መሥራትም ለአገራችን አዲስ አይደለም። አባባ ተስፋዬ፣ ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት እየነገሩ ትውልድ አሳድገዋል። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ፀሐይ የተባለችውን ቀጭኔ በ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ፕሮግራም ለሕፃናት አስተዋወቁ። ሥራው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል። ከዚያም ይኸው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘውን ካርቱን አዘጋጀ። በእርሱ ውስጥ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ።

ጄኒንና የጥበብ ልጃገረዶችን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም የልዩ ኃይልን ልማድ ይዘዋል። ጄኒ ከጠፈር የመጣ ጠላት ስትመታ፣ የእኛዎቹ የሚጋፈጡት በመንደር ውስጥ ያለ፣ የሚታወቅ፣ አንዳንዴም የዘመድ ፊት ያለውን አደጋ ነው። ይህ ድሩ አንድ ሆኖ ቀለሙ ሲለይ የሚታይ ነው። የጄኒ ፈጣሪዎች የጎደላቸው የመንደሩ እውነት እዚህ አለ፤ በጄኒ ታሪክ የበለጸገው የልጅቷ የውስጥ ፍላጎት፣ የመሳቅና የመጫወት መብቷ፣ ደግሞ ለእኛ ደራስያን ትምህርት ነው። ጀግናችን ሁልጊዜ አስተማሪ ብቻ ከሆነች እርሷም ለሥራ ተሠርታለች ማለት ነው።

ታዲያ ወላይታ ምን ታድርግ? መጀመሪያ የምመክረው ሐሳብ አቋራጭ መንገድ እንዳንፈልግ ነው። የባዕዱን ታሪክ ወስዶ ለባለ ታሪኳ ዱንጉዛ ማልበስ የወላይታ ታሪክ አያደርገውም። ልብስ ይታያል፤ ታሪክ ግን በውሳኔ ውስጥ ነው። ልጅቷ ከማን ጋር ትጣላለች? በምን ትፈተናለች? ማን ይማልድላታል? እነዚህ ጥያቄዎች መልሳቸውን ከዚህ ምድር ካገኙ ልብሱ ጂንስ ቢሆንም ታሪኩ የእኛ ነው።

ጥሬ ዕቃው አለን። በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን፣ ሰሞን ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ባጭራና ሙቹዋ ሲበላ፣ ታላላቆች የሚያነሡት ትዝታና ተረት ሞልቷል። ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤሊዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ ዞራ የኢትዮጵያን ተረቶች ከተራኪዎች አፍ ሰብስባለች። የውጭ ሰው ሊደክምለት የሚገባው መስሎ የታየውን ሀብት እኛ ደጃችን ላይ ሳንሰበስበው ተራኪዎቹ እያለፉብን ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋም የኮምፒውተርም ተማሪዎች አሉት። አንዱ ተረቱን ቢጽፍ፣ ሌላው ሥዕሉን ቢያንቀሳቅስ፣ የወላይትኛ ድምፅ ያለው አጭር ካርቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድና ትጋት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

ወላጆች፦ ልጆቻችሁ ካርቱን ሲያዩ አልፎ አልፎ አጠገባቸው ተቀመጡ። ይህችን ልጅ ማን አዘዛት? ራሷ ምን ትፈልጋለች? እምቢ ስትል ምን ሆነ? ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸውንም ሳታቋርጡ ስሙ።

መምህራን፦ በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ ወይም ከጎረቤቱ አንድ ተረት በወላይትኛ ቀድቶ እንዲያመጣ የቤት ሥራ ስጡ፤ የተራኪውን ስምና ቀበሌም አስመዝግቡ። ልጃገረድ የምትወስንባቸውን ተረቶች ለዩና በክፍል አንብቡ። ካልተገኙም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጻፏቸው።

ወጣቶች፦ የሌላውን አገር ጀግና መውደዳችሁ ነውር የለበትም፤ ጄኒን እኔም እወዳታለሁ። ነገር ግን በስልካችሁ የምታዩትን ያህል በስልካችሁ ቅዱ፣ ሣሉ፣ ጻፉ። የምትጽፉላት ልጅ ብርቱ ብቻ አትሁን፤ የምትመርጥ ትሁን። በቤታችሁ ውስጥ ሥራ የምትሠራ ልጅ ካለች ደግሞ ማታ መማር ትፈልግ እንደሆነ ዛሬ ጠይቋት፤ መልሷ አዎ ከሆነ ስለ ምዝገባዋ ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ።